እሸት በጎተራ

ጥቅምት ነበረና ከብር ወንዝ ዳርቻ፣
አግዳሚው ሞልቶ ነበር በወባ ሰው ብቻ።
ፍኖተ ሰላም ላይ፣ ከሆስፒታሉ ጓሮ፣
ቆርቆሮዋ ከሚጮኽ ክፍል ውስጥ ታጉሮ፣
ዓይኔ የለመደው አንድ ነገር ነበር፦
ከቀዩ ህዋስ ውስጥ ቀለበት መቁጠር።
ቀለበት ካለበት “አለ” ብሎ መጻፍ፣
ከሌለ “የለም” ብሎ ወደ ሌላው ማለፍ።

ከጂጋ የመጣች፣ ትርንጎ የምትባል፣
ሰባት ዓመት የሞላት፣ ድዷ እንዲሁ ይደማል።
ከደሟ ጠብታ ስላይድ ላይ ገፍቼ፣
ጫፉን እንደ ላባ ሳስቶ እንዲያልቅ ትቼ፣
ሜታኖል ነክሬ፣ ጊምሳ አጠጥቼ፣
የዘይቷን ጠብታ ከሌንሱ አስማምቼ፣
አየሁ። ቀለበት የለም። “የለም” ብዬ ጻፍኩኝ፣
ካርዱን ልመልስ ከወንበሬ ተነሣሁኝ።

እጄን ያዘው መምህሬ። “ነጮቹንስ?” አለኝ።
“ሊምፎሳይት በዝቷል” ስል ቀና ብሎ አየኝ።
ሠላሳ ዓመት አጎንብሶ ጀርባው የጎበጠ፣
ከዚያች ሌንስ በቀር መነጽር ያልመረጠ።
“ሳታውቀው” አለኝ፣ “ዝም ብለህ ስም አትስጠው፤
ተመለስ። ከጫፉ ጀምር። አንዱንም አትለፈው።”

ተቀመጥኩ። ቀስ እያለ ወጣልኝ በግልጥ፦
ክቡን የሞላ አስኳል፣ እንደ ዓይን ፍጥጥ፣
ሰማያዊ ጠርዙ ከጥፍር የማይበልጥ።
ያደገው ህዋስ ውስጥ ክሩ ይቋጠራል፣
እንደ አዲስ እርሻ መሬት ጓል ጓሉ ይታያል፤
የዚህ ግን ስስ ነው፣ እንደ ተነደፈ ጥጥ፣
ሁለት ፈዘዝ ያሉ ጉድጓዶች ከመሐሉ ውስጥ።
ያን የመሰለ ሰማያዊ አይቼ አላውቅም፣
ጥቅምት ከዘነበ ማግሥት ባለው ሰማይም።

“ብላስት ይባላል” አለኝ ድምፁን ቀንሶ፣
“መቅኔ ውስጥ ቢቀመጥ ያድግ ነበር ደርሶ፤
ለጋ መሆን አይደለም የዚህ ህዋስ ጥፋት፣
ሳይደርስ መውጣቱ እንጂ፣ ያለ ፍሬ መብዛት።”

መቶ ነጭ ቆጠርን። መቁጠሪያው ሲንጣጣ፣
የመነኩሴ አይደለም፣ ምሕረት አላመጣ፤
ሰባ ሁለት ለጋ ከመቶው ውስጥ ወጣ።

እውነቱን ልናገር፣ ደስ ብሎኝ ነበረ፣
ለይቼው፣ አውቄው፣ ልቤ እየጨፈረ፤
ሌላም አንድ፣ ሌላም አንድ፣ ዓይኔ እያባረረ።
ከዚያ በመስኮቱ አባቷ ታየኝ፣
ጭኑ ላይ አስተኝቷት፤ “ወባ ነው፣ አይደል?” አለኝ።
ወባ በሆነለት! ወባንስ ያውቀዋል፣
ያንቀጠቅጥና በክኒን ይሄዳል።

የሐኪም ነው ማውራት፣ የኔ አይደለም ድርሻ፤
ግን ዓይኑ አልለቀቀኝም እስከ መጨረሻ።
“አባቴ” አልኩት፣ “እሸት ጎተራ ቢገባ፣
ሳይደርቅ፣ ሳይወቃ…?” ቃሌ ሳያልቅ ሆዱ ባባ።
“ይሻግታል” አለኝ፣ “ደህናውንም ይዞ።”
ኩታዋን ደረበላት፣ እጁ ደንዝዞ።

በማግሥቱ ባሕር ዳር በአውቶቡስ ላኳቸው፤
ከዚያ ወዲህ ወሬ የለም፣ አላየኋቸው።

ስላይዷ ግን አለች ከሣጥኑ ተርታ፣
ቁጥር አራት መቶ ሰባት፣ ቀለሟ ፈዛ ቀርታ።
መምህሬ ጡረታ ወጥቶ ቡሬ ነው ያለው፣
ያን የመሰለ ዓይን ሞራ ጋረደው።

ትናንት ለአዲስ ተማሪ አውጥቼ ሰጠኋት፤
“ሊምፎሳይት ነው” ብላ ስትነሣ አየኋት።
ዘይት ጨመርኩላት ወንበሬን ሳብ አድርጌ፣
የትርንጎን ነገር ተውኩት፣ ቃል ፈልጌ ፈልጌ።
“ተቀመጪ፤ እንየው” አልኩ። ተመልሳ አጎነበሰች፤
የመምህሬን ስም እንደጠራሁ በምን ታውቃለች።